የሐረጎ አሰልጣኞች

ሊቨርፑልን ወይም ቼልሲን የሚደግፍ ሰው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ከተሳፈረ ዝም ቢል ይሻለዋል። ወንበሩ በሙሉ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ነው። “ትናንት መሀል ሜዳውን ለቀቅንላቸው” ይላል ከኋላ አንዱ። ለቀቅንላቸው! ማልያው የሰኞ ገበያ ነው፤ ቁጣው ግን የባለአክሲዮን። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ አሰልጣኙን አርቴታን አባረረው፣ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ደግሞ መልሶ ቀጠረው።

አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ 26 ድል፣ 12 አቻ። የሚኒባሱ ረዳት ያኔ ገና አልተወለደም፤ ቁጥሩን ግን ከተሳፋሪ መልስ አብልጦ ያስታውሳል። ከ2023 እስከ 2025 በተከታታይ ሁለተኛ መውጣታቸው ከተነሳ ጥፋቱ የዳኛው፣ የዝናቡ፣ አልፎ አልፎም የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ቻናል ሲነካካ ነዋ ጎሉ የገባው!

“አብሽር ወንድሜ” ይለዋል የማንቸስተሩ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ። የራሱ ቡድን በ2025 15ኛ ሆኖ መጨረሱን ማንም አላነሳበትም። ረዳቱ ብቻ ድንገት “ወራጅ አለ?” ብሎ ጮኸ። ሰውየው እስኪወርድ ድረስ አኮረፈው።

ለነገሩ ደሴም ኮምቦልቻም በስማቸው የሚጠሩ ክለቦች አሏቸው። ስለ እነሱ ስጠይቅ ሚኒባሱ ጸጥ አለ። “ይጫወታሉ እንዴ?” አለኝ ባለአክሲዮኑ። ቀጥሎም የደሴው ሆጤ ስታዲየም ብርድ ለጤናው እንደማይስማማው አስረዳኝ። ለንደን፣ በሱ ግምት፣ ቆላ ሳትሆን አትቀርም።