«ቀይረው ፋዘር!»

ድሮ መካኒክ ማለት ጆሮ ያለው ሰው ነበር። ኮፈኑን ሳይከፍት «እስቲ አስነሳው» ይልሃል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፤ ቁልፍ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬዎቹ ግን መኪናው ገና የጋራዡን በር ሳያልፍ ፈርደው ጨርሰዋል። «ፋዘር፣ ይሄ ቴስታታ ነው፤ ቀይረው!» ቆይ፣ መጀመሪያ ነገር እኔ አንተን መቼ ነው የወለድኩህ?

መኪናዬ ሃይሉክስ ናት፤ ደብል ጋቢና፣ ስሪ ኤል ሞተር። ቱርቦ የላት፣ ኮምፒውተር የላት። ይህን ሞተር የሠሩት ጃፓኖች አንድ ቀን ጎረምሳ በመዶሻ እንደሚፈታው አስቀድመው የታያቸው ይመስለኛል፤ አለዚያ እስከ ዛሬ ባልቆየ።

ጠዋት አልነሳ አለች እንበል። ሞተሪኖው እንደ ጉድ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ። ልጁ ምን ይላል? «ባትሪ ግዛ።» እንዴ! ባትሪው ቢደክም ሞተሪኖው እንዲህ ያዞር ነበር? ነጭ ጭስ እየተፋች ከተንገዳገደች ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፈትሽ፤ የናፍታ ሞተር በብርዱ የሚነሳው በእነሱ ነው። ጭስ የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለ ናፍታው አልደረሰም። ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ፖምፓ አለ፤ እስኪጠነክር ጫነው፣ ከሥሩም ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገህ ውሃውን አፍስ። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ለዚህ ይሆናል የማይወዱት።

የሚያፈላ መኪና ደግሞ ሲያዩማ ዓይናቸው ይበራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንደ ቆላ አገር አይታገስም። ራዲያተሩ ውስጥ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ ግፊቱን አምቆ ይይዛል። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ውሃው ይገነፍላል። ታዲያ ክዳኑን ማን ያየዋል? ቴርሞስታቱን መንጭቆ ያወጣና «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይልሃል። ጃፓን የማያስፈልግ ዕቃ በነፃ መርቃ የላከችልን መሰለው! ያለ እሱ እኮ ሞተሩ በደጋው ብርድ በወጉ ሳይሞቅ ይውላል፤ ናፍታ ይጠጣል፣ ራሱንም ይበላል።

አማቼን ደግሞ ስሙልኝ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርድ «ናፍታ ልቆጥብ» ብሎ ፎሌ ላይ ይጥላታል። ያ ቁልቁለት ቀልድ ነው? ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ የሸራው ሽታ ጋቢናው ድረስ ይገባል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ታች ወንዙ ጋ ደርሶ «ፍሬኗ አይሠራም፣ ማስተሩ ይቀየር» ብሎ ደወለልኝ። አንተ ሰው፣ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ! ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሃል። ፍሬኗ ሲበርድ፣ እውነትም እንደ ድሮዋ ያዘች። ለነገሩ ከእሱ ጋር መከራከር ትቻለሁ፣ ልጄን ላለማስከፋት።

ያቃጠለኝ ግን የመብራቱ ነገር ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት ትበራለች፤ «ታይሚንግ ቤልቱን ቀይር» ማለቷ ነው። ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ የሞተሩ ለቅሶ ያኔ ነው። መብራቷ በራች፣ ወሰድኳት። ልጁ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ ሲጎረጉር ቆየና አቧራውን እያራገፈ ወጣ።

«ጠፋልህ ፋዘር!»

«ቤልቱን ቀየርከው?»

«የምን ቤልት? አምፖሏን ነቀልኳት።»

በዕድሜው ሁሉ «ቀይር» ሲል የኖረ ልጅ፣ መቀየር ያለበት ዕለት ነቀለ! የእጅ ዋጋ ብሎ የጠየቀኝን አልነግራችሁም፤ ደም ግፊት አለብኝ።