ከቀብር በፊት የሚነፋ ጡሩምባ

የወሩ መዋጮ ተሰብስቦ፣ የቀሪዎች ቅጣት ተነብቦ ካበቃ በኋላ የእድራችን ሊቀመንበር መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁ። «ክረምቱ እየጠነከረ ነው። ወንዙ ሞልቶ ቢመጣብን ምን እናደርጋለን?»

ከኋላ ወንበር መልስ ተወረወረ። «መንግሥት አለ አይደል እንዴ!»

ሐዘን ቤት ድንኳን ሲጣል ወጥ ቤቱን የሚመሩት እትዬ ዘወር እንኳ አላሉም። «አለ ልጄ። ወንዙ ግን ካልጋህ ሥር ነው፤ መንግሥት ከአስፋልቱ ማዶ።»

እድራችን እንዲህ ነው፤ ቃል ለቃል ካልተመላለሰ የተሰበሰበ አይመስለውም። የዚያን ቀን የተባባልነውን ልጻፈው ያልኩት ግን ለጨዋታው ስል አይደለም። በአደጋ ቀን ማን ምን ይዞ ይምጣ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ስንት ሰው እንደተቀበረ ስለማውቅ ነው።

«ጎረቤት ነው ቀድሞ የሚደርሰው የምትሉት የድሃ አገር ነገር ነው» አለ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጃችን። «የሠለጠነው ዓለም ሄሊኮፕተር ያስነሳል።»

«ሄሊኮፕተሩ እስኪነሳ የወደቀውን ጣሪያ ማን ያነሳዋል?» አልኩት። ጃፓን ለመሬት መንቀጥቀጥ በመዘጋጀት ስሟ የሚጠራ አገር ናት። ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ንጋት ላይ ኮቤ ከተማና አካባቢዋ ሲናወጡ ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። ከፍርስራሽ ሥር ተጎትተው በሕይወት ከወጡት መካከል የሚበዙትን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ቀጥሎ ከየአገሩ ክፍል ከአንድ ሚሊዮን በላይ በጎ ፈቃደኛ ጎረፈ። ጃፓኖች ይህን አይተው ጎረቤት ይበቃናል ብለው አልተቀመጡም። ያችን ዕለት የአደጋ መከላከልና የበጎ ፈቃደኞች ቀን ብለው ሰየሟት፤ ጎረቤቱንም ይበልጥ ያሠለጥኑት ጀመር።

ልጃችን በቀላሉ አይረታም። «ጎረቤት ይህን ያህል ከሠራ መንግሥት ለምን ያስፈልጋል ታዲያ?»

ለዚህ መልሱ ያለው ጎፋ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ዝናብ የጠገበው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። የሰማ ሁሉ ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ ዶማ ያለው በዶማ፣ ምንም የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ መጡ፤ መምህራን መጡ፤ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች መጡ። ሁሉም ተጎንብሰው ሲቆፍሩ ተራራው ሁለተኛ ተናደና አዳኞቹን ከሚድኑት ጋር ደፈናቸው። በማግስቱ የሟቾቹ ቁጥር 229 ደረሰ ተባለ፤ ከቀናት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 257 አለ። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ተቀመጠች።

«ከዚህ የበለጠ ጎረቤት ከየት ይመጣል?» አልኩት ልጃችንን። «ድፍረት አልጎደለም፤ ፍቅር አልጎደለም። የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ ጀርባውን ለቁፋሮው፣ ፊቱን ለተራራው ሰጥቶ የሚቆም።»

አንዴ የተናደ ገደል ገና አልጨረሰም። ግርጌው ሲሄድ ከላይ የቀረው አፈር ደጋፊ ያጣል፤ ውኃ ጠጥቶም ከብዷል። መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዛፍ ያዘነብላል፣ ምንጩ ድንገት ይደፈርሳል። ይህን ማንበብ የሚችል፣ «ተመለሱ!» ብሎ ሲጮህም የሚታዘዙለት ሰው ያስፈልጋል። ወንድሙ ከሥር ያለበትን ሰው ጎረቤቱ ተመለስ ቢለው አይመለስም፤ እኔም ብሆን አልመለስም። ሥልጣን የተፈጠረው ለዚች ደቂቃ ነው። የጎፋው የቀበሌ አስተዳዳሪ እንደማንኛውም ጎረቤት አብረው ቆፍረው አብረው ሞተዋል፤ ነፍስ ይማር። እኒያን ሰው ከላይ ሆኖ የሚጠብቅላቸው አልነበረም።

ልጃችን አንገቱን ደፋ። ማሸነፌ አላስደሰተኝም።

«በእኛ በነጋዴዎች በኩል ግን ወቀሳ የለብንም» አሉ ጋሼ፣ ሠፈራችን ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው። «በተጠራን ቁጥር አዋጥተናል። ቼክ ይዘን ቴሌቪዥን ላይ አላያችሁንም?»

«ቼኩን አይተነዋል፤ ቁመቱ ከእርስዎ ይበልጥ ነበር» አሉ እትዬ። «ጭቃ ግን አይዝቅም።»

ገንዘቡን አላቃልልም። ሳምንት ሲያልፍ ቤት የሚያቆመው፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው እሱ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ግን ከነጋዴ የሚፈለገው መጋዘኑ ነው። የጋሼ መደብር ውስጥ ስንት አካፋ፣ ስንት ገመድ፣ ስንት የእጅ ባትሪ፣ ስንት ጥቅል የፕላስቲክ ሸራ አለ! ሁሉም ከወንዙ መቶ እርምጃ አይርቅም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ይቆለፋል።

ባለፈው ክረምት ያየነውን ነገርኳቸው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የወንዙ ዳር ግንብ ፈርሶ አንድ ቤት ላይ ተኛ። ጓዳው ውስጥ እናትና ሁለት ልጆች አሉ፤ ድምፃቸው ይሰማናል። ከዚያ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ አንድ የግንባታ ቦታ ላይ ኤክስካቫተር ቆሟል። ዘበኛው በሩን ከፈተልን።

«ቁልፉስ?»

«ኦፕሬተሩ ጋ ነው።»

«ኦፕሬተሩስ?»

«ስልኩ ዝግ ነው።»

«አለቃውስ?»

«ቁጥራቸውን አልሰጡኝም።»

በዶማ አራት ሰዓት ፈጀብን። ሦስቱም ወጡ፤ ተመስገን። ዘበኛው ከእኛ ጋር ሲቆፍር አደረ፤ መዳፉ ሲላጥ አይቻለሁ። ባለ ኤክስካቫተሩም ድርጅት ጨካኝ አልነበረም፤ ጠዋት ዳቦና የታሸገ ውኃ ጭኖ መጣ። እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ የተራብነው አንድ ስልክ ቁጥር ነበር።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ።

«የመጋዘንዎ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚሆን ይንገሩን» አሉ እትዬ።

«ሌባ ቢገባብኝስ?»

«ወንዙ ሲገባ ቁልፍ አይጠይቅዎትም!»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ የጋሼ ሥጋት ግን በጭብጨባ የሚታለፍ አይደለም። ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ መስጠትን አይፈራም። የሚፈራው ሰጥቶ ኋላ የሚጠይቀው ሰው ማጣትን ነው። ማሽኑ ቢሰበር ማን ያሠራዋል? ናፍጣውን ማን ይከፍላል? ሹፌሩ ቢጎዳ? እነዚህ ጥያቄዎች ጭቃ ላይ ቆሞ አይመለሱም። በበጋ፣ ፀሐይ ላይ፣ መንግሥትና ባለንብረቱ ቁጭ ብለው ተፈራርመው ማስቀመጥ ያለባቸው ናቸው። ኦፕሬተሩም አብሮ መሠልጠን አለበት፤ ከፍርስራሽ ሥር ሰው ሲጣራ ሞተር አጥፍቶ ማዳመጥ ማሽን ከማንቀሳቀስ ያላነሰ ሙያ ነው።

እግረ መንገዴን ጋሼን አንድ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው። «በርዎ ላይ መንገዱን ይዞ የተከመረው ብረትስ?» ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድድ የእሳት አደጋ መኪኖቹን ካስቸገራቸው አንዱ የመንገዱ ጥበት ነበር። ነጋዴ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ሳንቲም ሳያወጣ ሊሰጠው የሚችለው ስጦታ መንገድ ነው። ጋሼ ብረቱን ማክሰኞ አነሳለሁ አሉ፤ አንስተውታል።

የወረዳው ተወካይ እስካሁን እየጻፈ ነበር። ትሑት ወጣት ነው። «በእኛ በኩል ብርድ ልብስም ሆነ እህል ያለ ሞዴል 19 ገቢ አይሆንም፤ ያለ ሞዴል 22 ወጪ አይደረግም» አለ።

«ለዕቃው ሞዴል አለው፤ ለሰዓቱስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ መለሰልኝ። «ሞዴሉን ሳልሞላ ባወጣውና ብርድ ልብሱ ነገ ገበያ ላይ ቢሸጥ፣ መጀመሪያ የሚጽፍብኝ እርስዎ አይደሉም?»

ረታኝ። ልጁ ልክ ነው። ለተጎዳ ሰው የመጣ ዕቃ መንገድ ላይ ከጠፋ በሚቀጥለው ዓመት የሚለግስ እጅ አይኖርም። ወረቀቱ ይሞላ፤ የሚሞላበት ቀን ይቀየር እንጂ። ሰኔ ላይ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ፣ በቃለ ጉባኤ ለእድሩ ተረክቦ፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቻችን ጎን ይቀመጥ። እድር እኮ መጋዘን አለው፤ ወንበር አለው፤ የምሽት ተረኛ አለው። ከሁሉም በላይ መዝገብ አለው። የትኛው ቤት አልጋ የያዙ አሮጊት እንዳሉ፣ የትኛው ጊቢ ውስጥ ዓይነ ስውር እንደሚኖር የሚያውቀው መዝገባችን ነው። ወረዳው ይህን መዝገብ ጠይቆን አያውቅም፤ እኛም ወስደን አሳይተነው አናውቅም። ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን።

«እኛ በጎ ፈቃደኞች ግን የማንንም ትእዛዝ አንጠብቅም!» ብሎ ተነሳ አንድ የሠፈራችን ኳስ ተጫዋች።

የቀይ መስቀል ሥልጠና የወሰደች እኩያው አልማረችውም። «በፈቃድህ ትመጣለህ፤ ከመጣህ በኋላ ግን ትታዘዛለህ። አለዚያ የምንፈልጋቸው ሰዎች ላይ አንተ አንድ ትጨምራለህ።» ቀጥላ አዳራሹን ጠየቀች፤ የአምቡላንስ ቁጥር ስንት ነው? ጥቂት እጅ ወጣ። 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲመዘግብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የቀይ መስቀል ስም ከተነሳ፣ ብዙ የማይወራለት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር ድንበር የጣሰው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ። ያኔ የነበሩት ሰዎች ደመናውን አይተው ፋሻውን ቀድመው አዘጋጁ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎ ረኀብ ሰውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ሁለቱም ብዙ ነፍስ ያዳኑ ተቋማት ናቸው። አንዱ ግን ቀድሞ ተወለደ፤ ሌላውን የወለደው ቀብር ነው። ከዚያ ወዲህም ያየነው የሁለተኛው ዓይነት ይበዛል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ጠርጎ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ዝናቡ ቀድሞ የወረደው ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ከደጋ እስከ ከተማ ውኃ ይሮጣል፤ ስልክ ግን ከውኃ ይቀድማል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የቆሻሻው ክምር እኮ በአንድ ሌሊት አልተቆለለም፤ ሁላችንም በአጠገቡ አፍንጫችንን ይዘን ስናልፍ ኖረናል።

ይህን ስናገር ጥግ ላይ የተቀመጡት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ተነሱ። በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼያቸው አላውቅም፤ ንግግራቸው ሁሉ በጡሩምባ ነው። ንጋት ላይ ያ ድምፅ ሲሰማ ሰው ልቡ ይመታል፤ ማን ሞተ ይላል፤ ስሙን ለመስማት መስኮት ይከፍታል።

«ሃያ ዓመት ነፋሁ» አሉ። «አንድም ቀን ለቆመ ሰው አልነፋሁም።»

ማንም አልመለሰላቸውም። ምላሰኛዋ እትዬም እንኳ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ወንዙ ሲሞላ ድምፁ እታች እስከ መጨረሻው ቤት ይሰማ ይሆን?»

«እንሞክረዋ!» አሉ ጡሩምባ ነፊው።

ስብሰባው ሳይዘጋ ተነስተን ተከተልናቸው። ካፊያ ጀምሯል። የወረዳው ተወካይ ጃንጥላውን ለእትዬ ሰጥቶ ከኋላ ይመጣል፤ ጋሼ የሱሪያቸውን ጫፍ ጠቅልለዋል። ወንዙ ዳር ደርሰው፣ ጡሩምባውን በጋቢያቸው ጠርገው ነፉ። ሦስት ጊዜ ነው የነፉት፤ ለቀብር ከሚነፋው ለየት አድርገው፣ አጠር አጠር እያደረጉ።

የመጨረሻው ቤት በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን ሐዘንተኛ እንደምትለብሰው ዘቅዝቃ እያጣፋች ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም» አሉ ጡሩምባ ነፊው። «እንዳይሞት ነው።»

ሴትዮዋ አየቻቸው፤ ወንዙን አየች፤ ወደ እኛ ዞረች።

«ጥሩ። ታዲያ ይህን ስሰማ ወዴት ነው የምሮጠው?»

ሊቀመንበሩ ወረዳውን አዩ። ወረዳው ጋሼን አየ። ጋሼ እኔን አዩኝ። ካፊያው እየበረታ ነበር፤ ወደ አዳራሹ ተመልሰን ተቀመጥን።