በፋክስ ይላኩልን

እኔ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ገቢ ሳደርግ፣ ወጪ ሳደርግ፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ግልባጭ ስበትን ኖሬያለሁ። ወረቀት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚሄድ በስተርጅና የሚያስተምረኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እግዜር ግን ሰውን የሚፈትነው አውቃለሁ በሚለው ነገር ነው።

ጣጣው የመጣው በደብዳቤ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ «የአገልግሎት ማስረጃዎን ቅጂ በአስቸኳይ በፋክስ ይላኩልን» የሚል ደረሰኝ። ራስጌው ላይ እንደ ወጉ ስልክ፣ ፋክስ፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ተደርድሯል። የስልክ ቁጥሩን ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ጠዋት ደወልኩ፣ ከሰዓት ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። እንግዲህ የቀረው ፋክሱ ነው።

አሜሪካ ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «አባዬ፣ ፋክስ አሁንም አለ እንዴ?» አለችና ሲበቃት፣ «በቃ አታስብ፤ ፋክስም ኮፒም ስካንም የሚያደርግ ፕሪንተር እልክልሃለሁ» አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ የሠፈር ልጅ ከሻንጣው አውጥቶ አስረከበኝ።

ጨንቻን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በር ከፍታችሁ ከረሳችሁ ጉም ገብቶ ወንበር ይይዝባችኋል። በድሮው ጊዜ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ እኛ ነበርን። ኋላ ሹሙም መዝገቡም ተጠራርቶ ቁልቁል አርባ ምንጭ ወረደና ለእኛ አፕሉና ጉሙ ቀረልን። ስለዚህ እዚህ ወረቀት መላክ ማለት ዘወትር ቁልቁል መላክ ነው። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ወረቀቱ በስልክ ሽቦ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ነበር።

ፕሪንተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዲቫይደሩ ላይ ሰካሁት። መመሪያው የሞላው ቋንቋ ብዛቱ! አማርኛ የለም፤ ጋሞኛማ ጭራሽ። አገርህን ምረጥ አለኝ፤ ዝርዝሩን ላይ ታች ብል ኢትዮጵያን አጣሁ። ሦስት ሺህ ዘመን የሚባልለት አገር አንዲት መስመር ላይ ቦታ አጣ! የልጅ ልጄ፣ አሥረኛ ክፍል ነው፣ «አያቴ፣ ዝም ብለህ ሌላ ምረጥ» አለኝ። በ70 ዓመቴ በገዛ ቤቴ ተሰደድኩ።

ከጀርባው ሁለት እኩያ ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ «ላይን» ይላል፣ አንዱ «ኤክስት»። መንትያ ናቸው፤ ገመዱ ለሁለቱም ይገባል። ያን ቀን እስከ ማታ የታገልኩት ገመዱን በማይሆነው ሰክቼ ነበር። «ላይን» የሚለው ከግድግዳ ለሚመጣው መስመር ነው፤ «ኤክስት» የሚለው ደግሞ ተራ ስልክህን ከፕሪንተሩ ኋላ ለማሰለፍ ነው። እኔ ስልኩን ከፊት፣ መስመሩን ከኋላ አድርጌያለሁ። ማሽኑም «የመስመር ድምፅ የለም» እያለ ወረቀት ላይ አትሞ ይሰጠኛል። ስክሪኑ ላይ መናገር ሲችል ወረቀቴን ጨረሰው!

እዚህ ላይ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ብቻዬን አልቃጠልም። ፋክስ በዕድሜ ከስልክ ይበልጣል። አሌክሳንደር ቤይን የሚባል የስኮትላንድ ሰዓት ሠሪ የባለቤትነት መብት ያወጣበት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ነው፤ የግራሃም ቤል ስልክ የመጣው በ1876። የ33 ዓመት ታላቅ ሆኖ ሳለ የታናሹ ትከሻ ላይ ካልታዘለ አይሄድም። እኔም ዛሬ የምሄደው በልጅ ልጄ ትከሻ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ጨዋነቱንም ወድጄለታለሁ። ደዋዩ ፋክስ ግማሽ ሰከንድ ይጮህና ሦስት ሰከንድ ያዳምጣል። ተቀባዩ በቀጭን ድምፅ «አለሁ» ይላል። ከዚያ ይጠያየቃሉ፤ በምን ፍጥነት እንነጋገር፣ ይሰማሃል ወይ፣ ልጀምር ወይ። ተስማምተው ሲያበቁ ነው ወረቀቱ የሚላከው። ይህ የእኛ የጋሞዎች ሸንጎ፣ የዱቡሻ ሥርዓት ነው! ዱቡሻ ላይ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይናገርም። ሰላምታ ሳይጠያየቁ ወደ ነገር መግባትም ነውር ነው። ችግሩ፣ ዛሬ የስልኩ መስመር ሥርዓት አያውቅም።

የእኔ ቤት ስልክ ገመድ አልባ የሚሉት ነው። ግድግዳው ላይ አንቴና ያላት ሣጥን ተሰቅላለች፤ ከእሷ የወጣው ገመድ ተራ ስልክ ላይ ይገባል። መልኩ የቤት ስልክ፣ ሆዱ ሞባይል። የመዳብ መስመሩንማ ሞባይል የመጣ ጊዜ «ምን ያደርግልኛል» ብዬ በገዛ እጄ መልሻለሁ። ገመዱን ወደ ትክክለኛው ቀዳዳ ካዞርኩ በኋላ ፕሪንተሩ ደወለ፤ ጮኸ፤ አዳመጠ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ዘጋ። ሰባት ጊዜ እንዲሁ አደረገ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ዕቃ ያመዋል እንዴ?» አለች።

የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ አንብቦ አስረዳኝ። ሣጥኗ የተሠራችው የሰው ድምፅ እንድትሸከም ነው። አየር ላይ ቦታ ለመቆጠብ ድምፃችንን ትጨምቀዋለች፤ የሰው ጆሮ የማያስፈልገውን ትጥላለች። እኔ «እንደምን አደራችሁ» ስል ግማሹን ብትጥለውም ሰሚው ይገባዋል። የፋክስ ጩኸት ግን ፊደል ነው፤ አንዷ ከተጣለች ትርጉሙ ይጠፋል። ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ «እንግዲያው ሣር ይዘህ ለምነዋ!» አለችኝ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሽማግሌዎቻችን አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የወጣ ወጣት መልሰዋል። ሰው ነዋ! ሰው ሽማግሌ ያከብራል። ሣጥን ምን ያውቃል?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ፕሪንተሩን በቡልኮ ጠቅልዬ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለት ብቻ፣ ጠመዝማዛ ብቻ። ፕሪንተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ዶርዜ ላይ የገባች ሴትዮ ቡልኮውን አይታ፣ «አባባ፣ ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው» ብላ ጫፉን ሸፈነችልኝ። ምን ልበላት? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ሲቀላ የሚባለው ሠፈር፣ የእህቴ ልጅ ቤት ደረስኩ። እሱ ፋይበር አስገብቷል። ከግድግዳ ክር የምታህል ገመድ ወጥታ ነጭ ሣጥን ውስጥ ትገባለች፤ ከሣጥኑ ጀርባ የስልክ ቀዳዳ አለ። «አጎቴ፣ ይኼ ከመዳብ መቶ እጥፍ ይፈጥናል» አለኝ። እኔ የፈለግሁት እንዲደርስ እንጂ እንዲፈጥን አይደለም። ለሙከራ ሴቻ ሠፈር ያለች አንዲት ኮፒ ቤት አሮጌ ፋክስ ስላላት ወደ እሷ ላክን። ጮኸ፤ ተቀበለች፤ ተስማሙ! ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ጥቂት ቆይቶ ዘጋ። ደውለን ስንጠይቅ፣ «እስከ ግማሽ ገጽ መጥቷል» አለችን።

እስከ ግማሽ ገጽ! ራስጌው ደርሷል፤ ቁጥርና ቀኑ ደርሷል፤ ስሜ ደርሷል። ማህተሙ ያለው ግን ግርጌ ላይ ነው። ማህተም የሌለው ማስረጃ እኮ ወሬ ነው።

ምክንያቱን እንዲህ ተረዳሁት። በፋይበሩ ሣጥን ውስጥ ድምፅ እንደ ድሮው ሳይቋረጥ አይፈስም። ይቆራረጥና በየቁራጩ ታሽጎ ይላካል፤ ወዲያ ማዶ ይገጣጠማል። አንድ ቁራጭ ቢዘገይ ሰው አይሰማውም፤ ፋክስ ግን ቁጡ ነው፤ ተሳደብክ ብሎ ይዘጋል። ለዚህ ቲ.38 የሚባል ዘዴ ወጥቶለታል፤ ጩኸቱን ራሱን መላክ ትቶ መልእክቱን በወግ የሚያሻግር። የሚሠራው ግን በዚህም በወዲያም በኩል ሲኖር ነው። ያ ከሌለ ፍጥነቱን ወደ 9,600 ዝቅ አድርጎ መሞከር ይመከራል። እኛም አወረድነው። ሦስት አራተኛ ገጽ ደረሰ። በዚህ ዓይነት ማህተሜ ለፋሲካ ይደርሳል።

በማግሥቱ ፕሪንተሬን ታቅፌ ወደ ሴቻ፣ ወደዚያችው ኮፒ ቤት ወጣሁ። ባለቤቷ ወጣት ናት፤ እጇ የፕሪንተር ቀለም ነክቶታል። ያላት መስመር የመዳብ ነው፤ በዚያው ኢንተርኔትም ይመጣላታል። ለዚህ ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ሣጥን አለች፤ የኢንተርኔቱን ጩኸት ለሞደም፣ የሰውን ድምፅ ለስልክ ትለያለች። «አባባ፣ ፋክሱ በስልኩ በኩል ካልገባ ኢንተርኔቱ ያፍንበታል» ብላ በሁለት ጣቷ ሰካችው።

ወዲያው ሠራ! የመስመር ድምፅ አለ፤ ሙከራው ሁሉ አለፈ። በደስታ የአዲስ አበባውን ቁጥር መታሁ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። የመዳብ ሽቦ ገጥሞኝም ዝም! ምኒልክ በ1880ዎቹ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ስልክ ያዘረጉት እኔ እዚህ እንድዋረድ ነው? ያን ጊዜ እኮ ሽቦ ቢበጠስ የተበጠሰበት ይታያል። የዶርዜ ሸማኔም ድሩ ቢበጠስበት በጣቱ ፈልጎ ይቀጥለዋል። የእኔ ድር የተበጠሰው የት ነው?

ልጅቷ ደብዳቤውን ተቀብላ ራስጌውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«አባባ፣ የፋክሱ ቁጥር እኮ ስድስት ብቻ ነው።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሰባት።»

መነጽሬን አውጥቼ አየሁ። እውነቷን ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ የአገሩ ስልክ ቁጥር ሁሉ ሲቀየር፣ የአዲስ አበባው 01 011 ሲሆን፣ የእኛው 06 046 ሲሆን፣ ከፊቱ አንድ ቁጥር ተጨምሮ ስድስቱ ሰባት ሆኗል። መሥሪያ ቤቱ ግን የዚያን ጊዜውን ራስጌ እስከ ዛሬ ኮፒ እያደረገ ይጠቀማል። የስልኩን ቁጥር አንድ ደግ ሰው በእስክሪብቶ አርሞታል። ፋክሱን ማንም አላረመውም፤ ማንም ደውሎበት አያውቅማ! እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሰው ሆኜ፣ ሠላሳ ዓመት ቁጥር ስቆጥር ኖሬ፣ ያን ሁሉ ቀን 011 እያስቀደምኩ የሞተ ቁጥር ስጠራ ከርሜያለሁ።

ልጅቷ ስልኩ ላይ በእስክሪብቶ የተጨመረችውን ቁጥር ወስዳ ከፋክሱ ፊት አስገባችና መታችው። ጠራ! ተነሳ! ያን ቀጭን «አለሁ» የሚል ጩኸት ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሄሎ?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«ፋክስ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ፋክስ?» ሳቀ። «ፋክሱማ ከተነሳ ስንት ጊዜው! ምን ፈልገው ነው? ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልና።»

ልጅቷ ማስረጃዬን በሞባይሏ ከነማህተሙ አነሳችና ላከችው። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ለልፋትሽ ብዬ ብር ሳወጣ፣ «አባባ፣ ተው እንጂ» ብላ እጄን መለሰችው። ከወዲያ «ደርሷል» የሚል መልስ መጣ፤ ከሥሩም ሌላ መስመር ተከተለ፦ «ዋናውን ግን ይዘው ይቅረቡ።»

ፕሪንተሩን በቡልኮዬ ጠቅልዬ 37 ኪሎ ሜትሩን ሽቅብ ወጣሁ። አሁን ጨንቻ ቤቴ ተቀምጦ የሠፈሩን ተማሪ ሁሉ መታወቂያ ኮፒ ያደርጋል፤ በዚህ አላማውም። የስልኩን ገመድ ባለቤቴ የአጥሩን ቀርከሃ አስራበታለች፤ እስካሁን እንደዚያ ጠንክሮ የሠራበት ቦታ የለም።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከማተማችሁ በፊት ራስጌው ላይ ባለው የፋክስ ቁጥር እናንተው ራሳችሁ ደውሉበት። ከጮኸ ይቆይ። «ሄሎ» ካለ ግን ሰርዙት።