ዕድሜ ልክ ጣሪያ ለ76 ዓመት ሽማግሌ

እግዜር ያሳያችሁ፤ ዝናብ እንዳይገባ ለሚሠራ ነገር ቀለም ምረጡ ይባላል? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጣሪያ የሚቀይር ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸንኑ ነው። የት የት እንደሚያፈስ የጠየቀኝ የለም። ወጣቱ ሻጭ ባለቤቴ የቀዳችለትን ቡና እየጠጣ የናሙና ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ያለ «አቶ»፣ ያለ «ጋሼ»፣ በባዶ ስሜ ጠርቶ «የቱ ደስ ይልሃል?» አለኝ። ግራጫ፣ ሌላ ግራጫ፣ ቡናማ የነካው ግራጫ፣ ከሰል፣ አመድ። ሰው ሁሉ የሚወደው ብሎ ያሳየኝ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ ያስረጀው እንጨት የሚሉትን ቀለም ነው። በብዙ ሺህ ዶላር አዲስ ነገር ገዝቼ ያረጀ እንዲመስል! ለማርጀቱማ እኔ አለሁ።

እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት ቆርቆሮ ነው። በኛ አገር ሰው የሣር ክዳኑን አውርዶ ቆርቆሮ ሲያለብስ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ይለው ነበር። ጌጁን ትጠይቃለህ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ወፍራም ነው፣ ይኸን ሕፃንም ያውቀዋል)፣ ማገሩ ላይ ታነጥፋለህ፣ በቆርቆሮ ሚስማር ትመታለህ፣ አለቀ። እዚህ አገር ግን የብረት ጣሪያ የሀብታም ሆኖ ዋጋው ከአስፋልቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ የሰፈሩ ማኅበር ኮሚቴ አይፈቅድም» አለችኝ። በገዛ ጣሪያዬ ላይ ኮሚቴ! ከቀበሌ ሸሽቼ ውቅያኖስ የተሻገርኩት ለዚህ ኖሯል?

እሺ፣ የአስፋልት ሽንግል ይሁን። ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ ከመስታወት ክር የተሠራ ስስ ምንጣፍ ሬንጅ ይለብስና ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይበተንበታል። ቀለሙን የሚሰጠው፣ ሬንጁንም ከፀሐይ የሚከልለው ጠጠሩ ነው። ጠጠሩ እየረገፈ አሸንዳው ውስጥ መከማቸት ከጀመረ ጣሪያው እየተሰናበታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ገደማ ሄንሪ ሬይኖልድስ የሚባል የግራንድ ራፒድስ ጣሪያ ሠሪ፣ ጥቅል የሬንጅ ክዳኑን ቆራርጦ መደርደር ጀመረ ይባላል። ጥቅሉን እንዳለ ቢተወው ኖሮ እኔ ዛሬ ሰሌዳ ፊት አልቀመጥም ነበር።

ዓይነቱም መከራ ነው። ተራው ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ «አርክቴክቸራል» የሚሉት ደግሞ ሁለት ንብርብር ተጣብቆ ወፈር ያለ፣ ነፋስም የሚችል። ይኸን ወሰድኩ። የበረዶ ምት የሚችለውን አልወሰድኩም። እሱን የሚፈትኑት 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ኳስ ከ6 ሜትር ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ጥለው ነው አሉ፤ የብረት ኳስ የሚዘንብበት ቀን ከመጣ ስለ ጣሪያ የሚያስብ ማን ነው? መዳብ ያለበት ጠጠር ግን የሚያስከፍለውን ይገባዋል። በዚህ በወበቃማ ሰፈራችን ጣሪያው ላይ ጥቁር ዥራት የሚያወርደውን አልጌ የሚከለክለው መዳቡ ነው።

ልኬታቸውም ሌላ ጣጣ። አንድ «ስኩዌር» ማለት በእነሱ 100 ካሬ ጫማ ነው፣ ወደ 9.3 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የጣሪያዬ ልክ 22 መሆኑን በስልክ ሲሰማ ዝም አለ። ቆይቶ «ይኸን ሁሉ ዘመን 22 ካሬ ላይ ነው የኖርከው? ለምን አልነገርከንም?» አለኝ። ገንዘብ ሊልክልኝ ምንም አልቀረው። ከ200 ካሬ በላይ መሆኑን ባስረዳውም ያመነኝ አይመስለኝም።

ከዚያ የዕድሜ ልክ ዋስትናው መጣ። የማን ዕድሜ? ብዬ ጠየቅሁ። «ቤቱ በእጅህ እስካለ ድረስ» አለ። እኔ 76 ዓመቴ ነው፤ ስኳሩም ግፊቱም አለብኝ። ለኔ ዕድሜ ልክ መስጠት ለኩባንያው እንዴት እንደሚረክስ አስልቼ ቅናሽ ጠየቅሁ። ሻጩ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። መነጽሬን አድርጌ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ሳነበው፣ ዋስትናው ፋብሪካው ላበላሸው ብቻ ነው። ሙሉውን የሚከፍሉት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10ሩ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እየሸራረፉ ይቀንሱታል። ሚስማሩ ካለቦታው ከተመታ ዋስትና የለም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ በቂ አየር ካላገኘም የለም። እውነቱን የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ 20 ወይም 30 ዓመት ካገለገለ እሰየው ነው።

ርካሽ ዋጋ ይዞ የመጣው ሌላ ሻጭማ አሮጌውን ሳያነሣ በላዩ ሊደርብበት ነበር። ሕጉ ሁለት ድርብ ድረስ ይፈቅዳል አለኝ። ሕግ ይፍቀድ! ከሥር ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሶ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በስብሶ ያለን ነገር ሸፍኖ ማለፍማ የትኛውም መንግሥት ያውቅበታል።

ደግሞስ ጣሪያ የሚያፈሰው ሜዳው ላይ መቼ ሆነና! መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ ሁለት ተዳፋት የሚገናኙበት ሸለቆ፣ ቧንቧው የሚወጣበት ቀዳዳ። ጭስ ማውጫው ዙሪያ የሚታጠፈው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ቆርቆሮ ነው! ሲጨንቃቸው ወደኔው ቆርቆሮ ይመለሳሉ። ሻጩ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አሮጌው የጭስ ማውጫ ቆርቆሮ ወጥቶ በአዲስ እንዲተካ ውሉ ላይ በእጄ ጽፌ አስፈረምኩት።

ከዚያ ሁሉ ሰሌዳ ኮሚቴው የፈቀደው የትኛውን ቢሆን ጥሩ ነው? ድሮ የነበረውን ቀለም።

የሠሩት ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ልጆች ናቸው፤ «ዶን» እያሉ ይጠሩኛል፣ አሳዳጊ የቀጣቸው። ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ሽንግል ተሸክመው ወጡ፤ ባለቤቴም ምሳ ሳይበሉ አትሄዱም ብላ ያዘቻቸው። ሲጨርሱ የወደቀውን ሚስማር በማግኔት ለቀሙ። ማግኔቱ ያላየውን አንዱን ደግሞ በማግሥቱ የመኪናዬ ጎማ አገኘው። ለሻጩ ደወልኩለት። ጎማ ዋስትናው ውስጥ አይገባም አለኝ።