ነጻ ትምህርት በሬዬን በላው

እናንተ የሀቢቾ ልጆች፣ ሽማግሌ ማታለል ነውር መሆኑ ቀረ እንዴ? «አባባ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እኮ ነጻ ነው» ብላችሁ በሬዬን አሸጣችሁኝ! ሆሳዕና ላይ ዋቸሞን የሚያህል ዩኒቨርሲቲ ቆሞ እያለ የልጅ ልጄን አገር አቋርጠህ ሂድ አሉት። ነጻው ትምህርት መናኸሪያ ላይ ተጀመረ፤ ትኬቱም ብርድ ልብሱም ከበሬው ወጣ።

ደርሶ ደወለ። ኮስት ሼሪንግ የሚባል ውል ፈርሟል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው አሉ፤ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያውም ቢያንስ 15 በመቶ ተማሪው በዕዳ ይይዛል፤ ሥራ ሲያገኝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ይሁን፣ የተማረ ይክፈል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የባለ ፎቁ ነጋዴ ልጅና የእኔው እኩል ዕዳ፣ እኩል ዳቦ፣ እኩል ወጥ! ሴፍቲኔት የሚሉት እርዳታ እንኳ ሰው ሲመዘግብ ደጅህ ያለችውን ላም ይቆጥራል። (ላሙን ጎረቤት የሚደብቅ አለ፤ ስሙን አልናገርም።)

ወጡንማ አታንሱብኝ። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር፣ ኋላም 22 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት! በ22 ብር ሆሳዕና ገበያ የቆጮውን ሽታ ይሸጡልህ ይሆናል። አሁን 100 ብር ገብቷል፤ እሰየው። ልጁ «ኖን ካፌ ልሁንና ብሩን በእጄ ልቀበል» ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ። ብር በእጁ ከገባ ስልኩ ነው የሚበላው።

ደብተሩ፣ ሳሙናው፣ ፎቶኮፒውስ? በውሉ ውስጥ የሉም። በየግቢው የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ አለ፤ የሌላቸው ልጆች ለባሰባቸው ያዋጣሉ። ላፕቶፑን የላከው ደቡብ አፍሪካ ያለው አጎቱ ነው፤ ከ10ኛ ክፍል ትምህርት ጠልቶ የሄደው። ትምህርት የጠላው ነው እንግዲህ የሚያስተምረው!

ሲመረቅ ደግሞ በእጁ የሚይዘው ቴምፖ የሚሉት ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ ዋናው ዲግሪ ዕዳው እስኪከፈል እዚያው ይቀመጣል። እኔ በሬ ስሸጥ ጭራውን አስቀርቼ አላውቅም።

የበላዮች ሆይ፣ ውሉን አታስቀሩ። ስታስፈርሙት ግን አባቱ ስንት በሬ እንዳለው ጠይቁት፤ ለሌለው የደብተርና የመሳፈሪያ ጨምሩለት። ሁለተኛዋ የልጅ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ በሬ ግን የለኝም።