3,500 ዓመት የፈጀ ንግግር

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ጦርነት፣ ሴራና ግዙፍ የአሸዋ ትል ነበረው። በ1981 የታተመውን አራተኛ ቅጽ የሚከፍት አንባቢን ግን ትሉ ራሱ ዙፋን ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ወደ ትልነት የተለወጠው ንጉሥ ዳግማዊ ሌቶ 3,500 ዓመት ገዝቷል፤ ፊቱና እጆቹ ገና የሰው ናቸው፤ ዋና ሥራው ማውራት ነው። ስለ ሥልጣን ያወራል፣ ስለ ሃይማኖት ያወራል፣ ሴት ወታደሮች ከወንዶቹ ለምን እንደሚሻሉ ያወራል። ባለሟሎቹ ያዳምጣሉ፤ ምን ምርጫ አላቸው?

እኔ ከአድማጮቹ ሁሉ የማዝነው ለደንከን አይዳሆ ነው። ምስኪኑ በመጀመሪያው ቅጽ በክብር ሞቶ ተገላግሎ ነበር። ንጉሡ ግን ደጋግሞ ያስመርተዋል። አንዱ ደንከን ሲያምፅ ይገደልና ተተኪው ትኩስ ሆኖ ይመጣል፤ ንግግሩን ከሀ ጀምሮ ሊሰማ።

የመጽሐፉ ወዳጆች «ታገሥ፣ በኋላ ይገባሃል» ይላሉ። በኋላ ማለት አምስተኛውና ስድስተኛው ቅጽ መሆኑ ነው። ደራሲው በ1986 ሲያርፍ ታሪኩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እፎይ እንዳንል ልጁ ብራያን ከኬቨን አንደርሰን ጋር ሆኖ ቀጠለበት፤ የእነሱ ቅጾች በብዛትማ የአባትየውን ጥለው ሄደዋል።

ለማንኛውም፣ አምስተኛውን የሚያውሰኝ ካለ አልጠላም።