ምነው ኮንቴነር ባደረገኝ

ሞጆ ደረቅ ወደብ አጥር ጥግ ቆሜ ኮንቴነር ሲወርድ ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። ቅናት ኃጢአት ነው ብላ እናቴ አስተምራኛለች፤ እሷ ግን ከአዲስ አበባ ሞጆ በ«ኤክስፕረስ» ተሳፍራ አታውቅም።

እስቲ ልብ በሉልኝ። ኮንቴነሩ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ በዓለም ዙሪያ በዚያ መለያ የሚጠራ ሌላ ሣጥን የለም። በሩ ታሽጓል፤ እሽጉ ተነካክቶ ቢገኝ ጠያቂ አለው። ከጅቡቲ በባቡር ሲመጣ ፉርጎው ላይ ቦታው የታወቀ ነው፤ «ጠጋ በል ወንድሜ፣ አንዲት ቀጭን ባለ ሃያ ጫማ ቀርታለች» የሚለው የለም። ሲደርስ ማሽን በክብር አንስቶ በክብር ያስቀምጠዋል። ከተፈቀደለት ቀን በላይ ከቆመ ደግሞ ለቆመበት ዲመሬጅ የሚባል ክፍያ ይታሰባል። በኮንቴነር ዓለም መቆም ዋጋ አለው ማለት ነው። እኔ መናኸሪያ ለቆምኩበት ሰዓት ዲመሬጅ ቢታሰብልኝ ኖሮ ዛሬ የራሴ መኪና በኖረኝ።

ሥራዬ እቃ ማስለቀቅ ነው፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሞጆ እመላለሳለሁ። መንገዱን ማማት አልችልም። በ2007 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ለአገራችን የመጀመሪያው ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር፣ እግረኛና ከብት የማይገባበት፣ ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ የፈሰሰበት፣ ብድሩም ከቻይና ኤግዚም ባንክ። በቱሉ ዲምቱ በር የገባ መኪና ሞጆ መውጫ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። እኔን የሚፈጀኝ ቱሉ ዲምቱ መድረሱ ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ስሙን ከማልጠራው መናኸሪያ እደርሳለሁ። የአባዱላው መስታወት ላይ «ኤክስፕረስ» የሚል ተለጥፏል። ወያላው ይጮኻል፤ «ሞጆ አዳማ! ኮቱ ኮቱ! ሁለት ሰው የቀረው!» ገባሁ። ከእኔ በኋላ አራት ሰዎች ገቡ። አሁንም ሁለት ሰው ነው የቀረው። ሦስት ተጨመሩ። ሁለት ሰው። ትምህርት ቤት መቀነስና መደመር ያስተማሩኝን መምህር ነፍሳቸውን ይማር፤ ይህን ቁጥር ሳያውቁት ነው ያለፉት።

አንድ ቀን ከጎኔ መስኮቱን ይዞ የተቀመጠ ደግ ሰው አገኘሁ። መጠበቁ ሲረዝም ወሬ ጀመርን። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባለቤቴን የደም ግፊት፣ አከራዬ የጨመሩብኝን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ከልቡ አዘነልኝ። ወዲያው ወያላው መስኮቱን ኳ ኳ ሲያደርግ፣ «በል ወንድሜ፣ እግዜር ያቅልልህ» ብሎኝ ወረደና ከኋላችን ተራ የያዘው መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮት ይዞ ተቀመጠ። ለካስ ሥራው መቀመጥ ነው! መኪናው የሞላ እንዲመስል ይቀመጣል፤ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ ቦታ ለቆ ሳንቲሙን ይቀበላል። በዚህ አገር ተቀምጦ የሚከፈለው ባለሥልጣን ብቻ ነው የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን የሥራ ዘርፍ አትናቁ። ያን ቀን ከወረዱት እሱ ሦስተኛው ነበር።

ቱርኮች እንዲህ ያለውን መኪና «ዶልሙሽ» ይሉታል፤ በቋንቋቸው «የሞላ» ማለት ነው። እነሱም ብዙውን ጊዜ ሳይሞላ አይነሱም፤ ግን በስሙ አልዋሹም። እኛ ዘንድ አንድ ሰዓት ከሩብ ተገትሮ ሃምሳ ደቂቃ የሚሮጠው «ኤክስፕረስ» ይባላል። ኤክስፕረሱ መንገዱ ነው፤ መኪናው ስሙን ተውሶ ነው።

በእርግጥ ሾፌሩም አይፈረድበትም። አብዛኛው መኪና የሚሠራው በቀን ገቢ ነው፤ ባለንብረቱ የተቆረጠውን ብር ማታ ይቀበላል፣ የተረፈው የሾፌርና የወያላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባዶ ወንበር የሚጎድለው ከሾፌሩ ኪስ ነው። የእኔ ጠዋት ግን ከማንም ኪስ አይጎድልም። ነፃ ነው። ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ እንደ ልብ ይባክናል።

ሞልተን ልንነሳ ስንል ሒሳብ ይሰበሰባል።

«ሞጆ ስንት ነው?»

«የአዳማ ነው የሚከፈለው ጋሼ።»

«እኔ እኮ ሞጆ ነው የምወርደው።»

«እኛ መች ይውረዱ አልንዎ?»

ይህን መልስ ያገኘ ጠበቃ ቢኖረኝ ተረትቼ አላውቅም ነበር። ከሞጆ እስከ አዳማ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወንበሬ ብቻዋን እንድትሄድ ከፈልኩላት። እንዳትደብታት እንኳ ሌላ ሰው ከመንገድ ይጫንባታል፤ እሱም ይከፍላል።

ከዚያ ትርፉ ይመጣል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የወንበር ቁጥር ለመነሻ ያህል ነው፤ በርጩማ ከሥር ይወጣል፣ ጋቢና ሦስተኛ ሰው ይገባል። ጥቂት እንደሄድን ወያላው፣ «ትራፊክ! ዝቅ በሉ! ዝቅ!» ይላል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው በአንድነት እንሰግዳለን። የሃይማኖት መቻቻልን ለማጥናት የሚደክም ካለ እዚህ ይምጣ። አንዲት እናት «ወገቤ አይታጠፍም ልጄ» ቢሉት፣ «እማማ፣ እርስዎ ሕጋዊ ነዎት፤ የሚጎነበሱት ትርፎቹ ናቸው» አላቸው። ሰው ሕጋዊና ትርፍ ተብሎ በሁለት እንደሚከፈል ያን ጊዜ ተማርኩ። የከፈልነው ግን እኩል ነው።

ፈጣን መንገድ ላይ ቆሞ ሰው ማውረድ ክልክል መሆኑን ሾፌራችን ጠንቅቆ ያውቃል። ሕግ አክባሪ ነውና አይቆምም፤ ቀስ ይላል። ወደ ሞጆ መውጫ ቢታጠፍ አዳማ ለመድረስ ይዘገይበታል፤ መቼም ኤክስፕረስ ነው። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ወደ ውጭ እዘላለሁ። ከዚያ አጥሩን ይዤ እስከ መውጫው በእግሬ፣ እግረኛ በማይገባበት መንገድ።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ከሌላው ተሽከርካሪ ላይ ሲነሳ፣ ለሕዝብ ማመላለሻው በቴሌብር እየታሰበ እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። ምክንያቱ ተሳፋሪው እንዳይጎዳ ነው ተብሏል። እንዳልተጎዳሁ ጉልበቴ ይመስክር።

«አገሩ ነው፣ ሌላ አይቻልም» የሚሉኝ አሉ። እንዴት አይቻልም? አገር አቋራጮቹ ሰላም ባስና ስካይ ባስ የወንበር ቁጥር ያለው ቲኬት ይሸጣሉ፣ ገና ሳይነጋ በተባለው ሰዓት ይነሳሉ። የፐብሊክ ሰርቪሱ አውቶቡስም የመንግሥት ሠራተኛውን ይዞ ሲወጣ «ሁለት ሰው ቀረኝ» ብሎ ሲጮህ አልሰማሁም። ጎንደር ለሚሄድ ሰዓት ካለው፣ ሞጆ ለሚሄድ ለምን ይጠፋል? ምናልባት ርቀታችን አንሶ ይሆናል፤ ለክብር የሚያበቃ ኪሎ ሜትር አልሞላንም።

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ አቤቱታዬ ትንሽ ናት። ሰው አድርጋችሁ ጫኑን አላልኩም፤ ያ ብዙ ነው። እንደ ኮንቴነር ጫኑን። መነሻ ሰዓታችን ይጻፍ፤ ሞላም አልሞላ በሰዓቱ ይነሳ። ሞጆ የሚራገፍ ጭነት የሞጆን ይክፈል። የመኪናው ታርጋና የከፈልነው ብር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠን፤ ኮንቴነር ስንት ገጽ ሰነድ ይዞ ይዞር የለ እንዴ? ስንወርድም ክሬን አንጠይቅም፤ መኪናው ይቁምልን፤ ይበቃናል።

ትናንት የዘገየሁበት እቃ ከእኔ በፊት ደርሶ ጠበቀኝ። የመጣው ከቻይና ነው። እኔ የመጣሁት ከቃሊቲ።

እስከዚያው ድረስ ውድ አንባቢ፣ ነገ ጠዋት «ሁለት ሰው የቀረው» መኪና ውስጥ ከገቡ፣ ከጎንዎ ያለውን ሰው እጅ ይመልከቱ። ቦርሳም ፌስታልም ካልያዘ፣ ስለ ባለቤትዎ ደም ግፊት አይንገሩት።